ምርፋቅ፣ የጾምና የፍስክ

ከቤታችን የመንገድ በር በላይ አንድ የሽሮ ድስት ተስሎ ይታያል። ድስቱ ጥቁር ነው፤ ከአፉ የሚወጣው እንፋሎት እንደ ብራና ሐረግ ተጠማዝዞ እስከ ጣሪያው ክዳን ይደርሳል። በወጣትነቱ ቅኔ ቤት የከረመ፣ በኋላም እስከ ጡረታው ድረስ በመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛ ሲያስተምር የኖረ፣ የአርብ ገበያ ከተማ ሰው ሁሉ «የኔታ» እያለ የሚጠራው ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ይህ ድስት ምን እንደሚሠራ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። እኔ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ አልፋለሁ። መልሱን የምትሰጠው ባለቤቴ ናት፤ በመለሰች ቁጥር ግን ታሪኩ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ሄዶ፣ ባለፈው ሰሞን ስሰማት እኔ ሽርጥ ታጥቄ ነበር። ሽርጥ አልታጠቅሁም። ነገሩ ከዚህ በላይ ሳይርቅ እንደ ሆነው ተጽፎ ይቀመጥ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

መነሻው ዓይኔ ነው። ሞራ ጋርዶኝ ስለ ነበር ደብረ ታቦር ወርጄ በሐኪም ተገፈፈልኝ፤ ዓይኔ እስኪያገግምም ማንበብ ተከለከልሁ። ያን ጊዜ ልማዴ፣ ምግቤን በሳሎኑ ጥግ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ብቻዬን መብላት ነበር፤ በግራዬ መጽሐፍ ይዘረጋል፣ በቀኜ እጎርሳለሁ። ባለቤቴ ምግቡን ታቀርባለች፣ እጄን ታስታጥበኛለች፣ ወደ ማዕድ ቤት ትመለሳለች። እርሷ የምትበላው እዚያው ነው፤ አንዳንዴ ቆማ፣ አንዳንዴ በርጩማ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአጥር ወዲያ ከምትኖረው ጎረቤታችን ጋር። ይህ በእኛ ቤት የተጀመረ ነገር አይደለም። የእናቷም የእናቴም ቤት እንዲሁ ነበር፤ ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልተከራከረበትም።

መጽሐፉ ከፊቴ ሲነሣ ግን ጆሮዬ ሥራ ፈታ። ከማዕድ ቤት ሳቅ ይሰማል። ጎረቤታችን አንድ ነገር ትላለች፣ ባለቤቴ ትስቃለች፤ ባለቤቴ ትመልሳለች፣ ጎረቤታችን ሳል እስኪይዛት ትስቃለች። እኔ ባዶ ግድግዳ እያየሁ እጎርሳለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ጣሪያ ሥር ኖረን፣ ባለቤቴ እንጀራ ቆርሳ ስትበላ ምን እንደምታወራ አላውቅም። ማወቅ ፈለግሁ።

አንድ ቀን እንደ ቀላል ነገር አድርጌ፣ «አንቺም እዚሁ ተቀምጠሽ ብትበዪስ?» አልኋት።

«የት ላይ?» አለች፣ ጠረጴዛዋን በዓይኗ እየለካች። «መጽሐፍዎ ላይ?»

«ሰፋ ያለ ብናሠራስ?»

«እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስበላ የሰው ቤት እንግዳ የሆንሁ ነው የሚመስለኝ። ደግሞስ ማን ወጥ ሊጨምር ነው? ማን ውኃ ሊያቀርብ ነው? ስነሣ ስቀመጥ ከምበላ፣ ቆሜ ብበላ ይሻለኛል።»

ክርክሩ በዚህ ቆመ። እኔ ግን አልቆምሁም።

በሳሎኑና በማዕድ ቤቱ መካከል አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችን። መሬታችንን በእኩል የሚያርሱልን ሰው የድርሻችንን ሲያመጡ እህሉ የሚገባው እዚያ ነው፤ ስለዚህም ክፍሏ በቀጥታ ወደ ገበያው መንገድ የሚከፈት የራሷ በር አላት። አህያው ደጅ ይቆማል፣ ጭነቱ በዚያ ይራገፋል። እኛ ግን የምንወጣውና የምንገባው በስተጓሮ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው የግቢ በር ነው። ልጆቹ አድገው ሲሄዱ የሚበላው እህል አነሰ፤ ክፍሏም የተሰበረ ዕቃ ማከማቻ ሆነች። እርሷን አስጠርጌ የምንበላባት ክፍል ላደርጋት ቆረጥሁ። ባሕር ዳር ያለችው ልጃችን በስልክ ይህን ስትሰማ፣ «ዳይኒንግ ሩም ሊሠሩ ነው እንዴ አባዬ?» ብላ ጮኸች። እርሷ ስሙን ወዲያው አገኘችው። እኔ ግን በራሴ ቋንቋ ስም ሳላገኝላት አንድ ሚስማር እንኳ ላስመታ አልፈለግሁም።

ለሌላ ሰው ትርፍ ጭንቀት ሊመስል ይችላል። «ማዕድ ቤት» እንዳልላት፣ ስሙን ወጥ የሚሠራበት ቤት ወስዶታል፤ ማዕድ የማይዘረጋበት ቤት እንዴት ማዕድ ቤት ተብሎ እንደ ቀረ ያን ጊዜ ነው ልብ ያልሁት። «ምግብ ቤት» እንዳልላት፣ በገንዘብ የሚበላበት ነው። «የመመገቢያ ክፍል» ስል ደግሞ የሕሙማን ማደሪያ ትዝ ይለኛል። በመጨረሻ ወደ ግእዝ ሄድሁ። ግእዝ «ረፈቀ» ይላል፤ ለማዕድ ተቀመጠ ሲል ነው። ከዚያ የሚወጣው የቦታ ስም «ምርፋቅ» ነው። የቃሉ ሥር መብላት አይደለም፣ መቀመጥ ነው። ቆሞ የበላ ሰው በላ ይባላል እንጂ ረፈቀ አይባልም። ይህን ባገኘሁ ቀን ክርክሩን የረታሁ መስሎኝ ማዕድ ቤት ድረስ ሄጄ ለባለቤቴ አብራራሁላት። ሽንኩርት እየከተፈች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ምን አሉኝ?» አለች።

«ምርፋቅ።»

ጎረቤታችን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። «መፋቅ?» አለች። «የጥርስ መፋቂያ ልትሸጡ ነው የኔታ? ቦታውስ ደግ ነው፤ ገበያተኛ ያልፍበታል።»

«መፋቅ አይደለም። ምርፋቅ ነው።»

«እሱም ቢሆን ይሸጣል።»

ሥራው ተጀመረ። ግድግዳው በጭቃና በጭድ እንደ ገና ተመረገ፤ መሬቱ ሊሾ ሆነ። ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ ከረጢቱ ተተርትሮ፣ እርስ በርሱ ተሰፍቶ፣ ተወጥሮ፣ ኖራ ተቀባ። ኖራው ጽሑፉን ፈጽሞ አልሸፈነውም፤ ቀና ብሎ ላየ ሰው ዛሬም «ዩሪያ» የሚለው ቃል ተዘቅዝቆ ይነበባል። እየበላሁ ማንበብ ለምዶብኝ ስለ ነበር በዚህ አልተከፋሁም።

በቀለም ተከራከርን። እኔ የብራና መልክ ፈለግሁ፣ ከነጭ ወደ ቢጫ የሚያደላ። ባለቤቴ፣ «ወባ የያዘው ሰው ፊት ነው የሚመስለው፤ አረንጓዴ ይሁን» አለች። ክርክሩ ሲረዝም ከወገብ በታች አረንጓዴ፣ ከወገብ በላይ ብራና እንዲሆን ተስማማን። ጎረቤታችን ገብታ ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «አሁን መርፌ የሚወጋ ሰው ብቻ ነው የጎደላችሁ» ብላ ወጣች።

ስለ ጠረጴዛውም እንዲሁ። እኔ ባለ አራት ማዕዘን አስቤ ነበር። ባለቤቴ፣ «መሶብ በወጉ የማይቀመጥበት ጠረጴዛ ለጽሕፈትዎ ይሁንልዎ» ስላለች ክብ ሆነ፤ አናጢው ከዋንዛ እንጨት ሠራው፤ አራት ወንበርም አደረገለት። ዕቃው ተሸክሞ ሲገባ ግን የክፍሏ ጥበት ታየ። ጠረጴዛው መካከሉን ሞላው፤ የወንበሮቹ መደገፊያ ግድግዳውን ነካ። በተለይ መስኮቱ ሥር ወዳለው ወንበር ለመድረስ፣ በመንገዱ ላይ የተቀመጡት ሁሉ መነሣት አለባቸው፤ ከዚያ ለመውጣትም እንዲሁ። አናጢው አፍሮ፣ «ልውሰድና ዙሪያውን ላሳንሰው የኔታ» አለ።

«ተወው፤ ደግ ነው» አልሁት።

ምክንያቱን አልነገርሁትም። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር የባለቤቴ እንዲሆን ነበር ሐሳቤ፤ እዚያ የገባ ሰው ለወጥ ብሎ፣ ለውኃ ብሎ ቶሎ ቶሎ አይነሣም። እርሷ ግን አናጢው እንደ ወጣ ክፍሏን ከዳር እስከ ዳር አየች፤ ወንበሩንም አየች፤ እኔንም አየች።

«ያ ወንበር የማን ነው?»

«ያንቺ።»

«ወጥመድ ነዋ ያሠሩልኝ!» አለች። የተከፋች አልመሰለችም፤ ቃል ግን አልሰጠችም።

ለመቀመጥ ቃል ያልሰጠች ሴት ክፍሏን ለማስጌጥ ግን የሚያህላት አልነበረም። መጋረጃ ሰፋች። ከሳሎኑ የመስታወት ቡፌውን አስነሥታ በማዕዘኑ አቆመችው፤ ለሠርጋችን ተሰጥተውን ከሣጥን ወጥተው የማያውቁትን ሰሃኖች አጥባ ደረደረችበት፤ ከሰሃኖቹ ሥር ዳንቴል አነጠፈች። ልጃችን ደግሞ ወይንና ፖም የተሣለበት የላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ ከባሕር ዳር ላከች። ወይኑ ከፖሙ ይበልጣል፤ ሠዓሊው ሁለቱንም በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ባለቤቴ ግን ዋንዛው እንዳይቆሽሽ ብላ በደስታ አለበሰችው። ሁሉ ካለቀ በኋላ በሩ ላይ ቆማ ስታይ፣ ጊዜው አሁን ነው ብዬ ዝም አልሁ። ዝም ስል አንዳንድ ጊዜ የምፈልገውን ትሰማለች።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «አንድ ጊዜ እቀመጣለሁ።»

«መቼ?»

«አርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጾም ስንፈታ። የአርብ ወጥ ሽሮ ነው፤ መነሣት አያበዛም። ካልጣመኝ ግን ወደ በርጩማዬ ነው የምመለሰው፤ ከዚያ በኋላ ስለ መቀመጥ በግእዝም ቢሆን አያንሡብኝ።»

ያችን አርብ እንደ በዓል ጠበቅኋት። ብትቀርብኝ ሌላ ቀን እንደማይሰጠኝ ዐውቃለሁ።

የቀረው አንድ ሥራ ብቻ ነበር። ከሳሎኑ ወደ ክፍሏ በሚያስገባው በር ጉበን ላይ «ምርፋቅ» የሚለው ቃል በሚያምር ፊደል እንዲጻፍልኝ ፈለግሁ። በከተማችን የጸጉር ቤቱን፣ የሻይ ቤቱን፣ የልብስ ሰፊውን ስም ሁሉ የሚጽፈውን ቀለም ቀቢ መንገድ ላይ አግኝቼ አስቆምሁት።

«ምን ልጻፍ የኔታ?»

«ምርፋቅ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

ከሥሩ ጀምሬ ነገርሁት። ረፈቀን አነሣሁ፤ ከመብላትና ከመቀመጥ የትኛው እንደሚቀድም አስረዳሁ። የቀለም ቆርቆሮውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እያዛወረ ታገሠኝ።

«በአጭሩ የኔታ፣ ምግብ የሚበላበት ቤት ነው?»

«በአጭሩ እንዲያ ነው።»

«ገባኝ። በሩ ላይ ነው አይደል?»

«በሩ ላይ።»

ክፍሏ ከአንድ በላይ በር እንዳላት አንዳችንም አላነሣንም።

ሐሙስ ዕለት እኔና ባለቤቴ ለቅሶ ለመድረስ ገጠር ወጥተን ዋልን። ስንመለስ እንደ ልማዳችን በጓሮ ገባን። የሳሎኑን በር ጉበን አየሁ፤ ባዶ ነው። ቀለም ቀቢው አልመጣም ብዬ ተውሁት። አርብ ማለዳም በዚያው በጓሮ በር ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተመለስሁ። ባለቤቴ የኖራው ሽታ እንዲወጣ ብላ የክፍሏን የመንገድ በር ከውስጥ ወለል አድርጋ ከፍታው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ንጹሕ ጋቢ ለብሼ ሳሎን ተቀመጥሁ። የሽሮው ሽታ ከማዕድ ቤት ይመጣል። ከመጋረጃው ወዲያ ግን ወንበር በሊሾው ላይ ሲጎተት ሰማሁ። መጋረጃውን ገለጥሁ። ሁለት ገበሬዎችና አንዲት ቁመተ ረጅም ሴት ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል። ዱላቸው በአዲሱ ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ አንደኛው ሰው ደግሞ ሰተት ብሎ ገብቶ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ሰፍሯል። ሲያዩኝ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«እንዴት ዋሉ አባቴ?» አለች ሴትዮዋ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጡ፣ ተቀመጡ።»

የሴትዮዋ አነጋገር የስማዳ ሰው አነጋገር መሰለኝ። ባለቤቴ የስማዳ ልጅ ናት። ወደ ሳሎኑ ተመለስሁና ቁጭ አልሁ። መቀመጡን ስለ ጠላችው ዘመዶቿን ጠራችብኝ፤ እንግዳ ባለበት ቤት ደግሞ እርሷ መቆሟ አይቀርም፤ ቀኗም በዚሁ አለፈች ብዬ ዐዘንሁ። ባለቤቴ ማስታጠቢያውን ይዛ በማዕድ ቤቱ በር ገባች፤ ደንገጥ ስትል በድምፅዋ ዐወቅሁት፤ ቢሆንም ሰላም ብላ እጃቸውን አስታጠበች፤ ለእኔና ለእርሷ ያሰናዳችውን ትሪ አምጥታ አቀረበችላቸው። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምኑን?»

«እንግዳ መጥራትዎን። እኔ እቀመጣለሁ ባልሁበት ቀን ከእስቴ ዘመድ ይጠራል? ክፍሉን ሊያሳዩ ነው?»

እስቴ የትውልድ አገሬ ነው። «የእኔ ዘመዶች አይደሉም» አልኋት። «የአንቺ መስለውኝ ነው እንጂ የተውኋቸው።»

«የኔ? በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም!»

ተያየን። ይህን ጊዜ ከመጋረጃው ወዲያ ጭብጨባ ተሰማ፤ ጠንከር ያለ፣ ቸኮል ያለ።

«አስተናጋጅ! ቃሪያ የለም?»

በየትኛውም አገር ዘመድ ለቃሪያ አያጨበጭብም። ተነሥቼ ገባሁ። ያጨበጨበው መስኮቱ ሥር የተቀመጠው ሰው ነው፤ እኔን ሲያይ እጁን ሰበሰበ።

«ይቅርታ አባቴ፤ ልጆች ያሉ መስሎኝ ነው።»

«ቃሪያው ይመጣል። እናንተ ግን ከወዴት ናችሁ?»

«ስንዴ ሸጠን ልንመለስ ነው። አዲስ ምግብ ቤት ተከፈተ ብለን፣ ጾማችንን እንፍታ ብለን ገባን።»

«ምግብ ቤት ተከፈተ ያላችሁ ማን ነው?»

«በሩ ነዋ!» አለ ሰውዬው።

በመንገዱ በር ወጣሁ። አህያቸው ከደጃፉ ምሰሶ ታስሮ በእርጋታ ያየኛል። ቀና አልሁ። ከበሩ በላይ፣ ከአንደኛው ጠርዝ እስከ ሌላኛው፣ በሰማያዊ ቀለም «ምርፋቅ ምግብ ቤት» ተብሏል። ከሥሩ፣ ባላነሰ ፊደል፣ «የጾምና የፍስክ» ይላል። በስተቀኝ ድስቱ አለ። ቀለም ቀቢው ያልሁትን ሁሉ ሰምቶኛል፤ አንዲት ቃል አላጎደለብኝም፤ የጨመረልኝ ሥራው የሚጠይቀውን ነው። ሣቄ መጣ። ስጀምር ትንሽ ነበረች፤ ዝቅ ብዬ ጉልበቴን ይዤ እስክቆም ድረስ አልተወችኝም። ባለቤቴ ምን ሆነ ብላ ሮጣ ወጣች።

«ምን ሆኑ? ዓይንዎ ነው?»

እጄን ወደ ላይ አነሣሁ። ፊደል በፊደል አነበበችው።

«የጾሙስ እሺ» አለች። «የፍስኩን ከየት ላምጣ?»

ጎረቤታችን ሣቁን ሰምታ በአጥር በኩል ብቅ አለች። ጽሑፉንና እኛን አየች። «አላልኋችሁም? ከመፋቂያ ይኼ ይሻላል!»

እዚያው ቆመን እንዳለን ነጭ ሽንኩርት የተረፋቸው ሁለት ሴቶች ከገበያው መጡ። «ቦታ አለ?» አሉ።

እኔ የሆነውን ላስረዳ አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ። «አለ፤ ግቡ።»

ዞር ብዬ አየኋት።

«ምን ያዩኛል? ደጄ ድረስ የመጣ ጾመኛ ምን ብዬ ልመልስ? ያጻፉት እርስዎ ነዎት!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ ይቸግረኛል። ጎረቤታችን የራሷን እንጀራ በመሶብ አምጥታ ማዕድ ቤቱን ያዘች። ባለቤቴ ከምድጃው ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ምድጃው ትመላለሳለች። ጉልበቷ ክፉኛ ያማታል፤ በተመለሰች ቁጥር የበሩን መቃን እንደምትይዝ አያለሁ። እኔ በመጋረጃው አጠገብ ጋቢዬን ይዤ ቆሜአለሁ። ረጅሟ ሴትም አይታታለች።

«አንቺ እኅት» አለቻት፣ ነጠላዋን ጫፉን ያዝ አድርጋ። «ጉልበትሽ እስከዚህ ይሰማል። ነይ ተቀመጪና አብረሽን ቅመሺ።»

«ኧረ ተይኝ፣ ወጡ ያርራል።»

«ያች ሴትዮ አለችበት አይደል? እናንተ ሁለታችሁ ደግሞ በልታችኋል፤ ተነሡና አህያችሁን ፍቱ!» መስኮቱ ሥር የነበረው ሰው ከጓደኛው ጋር ያለ ክርክር ተነሣ። ባለቤቴ እምቢ እያለች፣ እየሣቀች፣ በነጠላዋ እየተሳበች ገባች፤ ረጅሟ ሴት አስቀመጠቻት፤ ባለ ነጭ ሽንኩርቶቹ በመውጫው በኩል ባሉት ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ጠረጴዛው መንገዱን ዘጋ። አናጢው ዙሪያውን እንዳያሳንሰው የከለከልሁት ለዚህ ነበር።

«ልነሣ፤ ማን ያቀርባል?» አለች ባለቤቴ።

«የምግብ ቤቱ ባለቤት ማን ነው?» አለች ሴትዮዋ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ መሆኔ ነው» አልሁ።

«የእሷስ ባለቤት?»

«እርሱም እኔው ነኝ።»

«እንግዲያ በሁለቱም በኩል መቆም የእርስዎ ነው!»

ጋቢዬን አጥፌ ቡፌው ላይ አስቀመጥሁ። ሽርጥ የሚባለው ነገር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ጋቢ ማውለቅ ግን ሽርጥ መታጠቅ አይደለም። ማዕድ ቤት ገባሁ። ጎረቤታችን ጭልፋውን እንደ ጦር ይዛ ተቀበለችኝ።

«ጨው ጠይቀዋል» አልኋት። «የት ነው?»

«የእርስዎ ቤት አይደለም እንዴ? በግእዝ ምን ይባላል መጀመሪያ?»

«ጼው።»

«ጼው ከበርበሬው ዕቃ ኋላ ነው።»

ጨውና ሽሮ፣ ውኃና ቃሪያ ይዤ ተመላለስሁ። አንድ ጊዜ ወጡ ዘንበል ብሎ የወይኑ ሥዕል ላይ ፈሰሰ፤ ባለቤቴ በእንጀራ ጠርጋ በላችው። ከሁሉ በላይ ግን ጆሮዬ ሥራ አገኘ። ከመስኮቱ ሥር የምታወራው ባለቤቴ ናት፤ የምታወራውም ስለ እኔ ነው። ስለ ብራናው ቀለም ነገረቻቸው፤ የወንበሩን ወጥመድ ነገረቻቸው፤ ከዚያ ድምፅዋን አወፍራ፣ ጣቷን አንሥታ፣ «ልብ በሉ» አለች፤ «ረፈቀ ማለት ለማዕድ ተቀመጠ ማለት ነው። ቆሞ የበላ ሰው በላ ይባላል እንጂ ረፈቀ አይባልም።» ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። እኔ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ሽንኩርት ስትከትፍ የነገርኋት ሁሉ አንድ ሆሄ ሳይወድቅ በውስጧ አለ። ብዙ ተማሪ አስተምሬአለሁ፤ እንዲህ አድርጎ የመለሰልኝ ጥቂት ነው።

ለመሄድ ሲነሡ ረጅሟ ሴት ሒሳብ ጠየቀች።

«ሒሳብ የለም» አልኋት። «ቤቱ የሚመረቅበት ቀን ነው። መርቁን።»

ምግብ ቤት አለመሆኑን ያን ጊዜ ነገርኋቸው። ሰዎቹ አፍረው ሊቀልጡ ደረሱ፤ ቃሪያ ያስመጣው ሰውዬ ከደጅ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሴትዮዋ ግን አላፈረችም። እጇን ዘርግታ፣ «ማዕዳችሁ አይታጠፍ፤ ቤታችሁ ሰው አይጣ፤ የቆመው ይቀመጥ» ብላ መረቀች፤ እኛም አሜን አልን። ባለ ነጭ ሽንኩርቶቹ የሽንኩርት ጉንጉናቸውን ግድግዳው ላይ ባለ ሚስማር ሰቅለውልን ሄዱ። ጎረቤታችን፣ «እኔ ደመወዜን ነገ እመጣለሁ» ብላ በአጥሩ ተሻገረች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቴ አሁንም መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ መንገዱ ክፍት ነው፤ የሚይዛት የለም። ባዶውን ትሪ እንደ ያዝሁ በመጋረጃው አጠገብ ቆሜ እስክትነሣ ጠበቅሁ። በቃሏ መሠረት ተቀምጣልኛለች፤ አንድ ጊዜ ነበር ያለችው፤ አንድ ጊዜውም አልፏል። እኔ ግን ገና አብሬአት አልበላሁም።

አየችኝ። ፊት ለፊቷ ያለውን ባዶ ወንበር አየች። ከዚያ እጆቿን አንሥታ አጨበጨበች።

«አስተናጋጅ!»

«አቤት» አልሁ።

«አንተ እስካሁን ጾምህን አልፈታህም። ና ተቀመጥ።»

በኑሯችን ሁሉ «ይምጡ» እንጂ «ና» ብላኝ አታውቅም። ከአፏ ሲወጣ እርሷም ደነገጠች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሣቀች። ማዕድ ቤት ገብቼ የሽሮውን ድስት ከነትኩሳቱ አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ አሳረፍሁት። ላስቲኩ ቸስ አለ፤ ከወይኑ ዘለላ ግማሹ ቀለጠ። ስናነሣው ክብ ጠባሳ ቀርቶበት ነበር። ከድስቱ ጥግ ጥጉን በእንጀራ እየጠረግን በላን። ምን እንዳወራን አልጽፈውም።

በማግሥቱ ቀለም ቀቢው መጣ። ስሕተቱን ስነግረው አንገቱን ደፍቶ ብሩሹን አነሣ፤ «ምግብ ቤት» የሚለውንና የጾሙን የፍስኩን በነጭ ቀለም ሸፈነው። ወደ ድስቱ ሲዞር ባለቤቴ ከውስጥ ጮኸች፤ «ድስቱን ተወው!» ስለዚህ ከበሩ በላይ «ምርፋቅ» የሚለው ቃልና ድስቱ ብቻ ቀሩ። ዛሬም አርብ አርብ የሚገባ ሰው አይጠፋም፤ ያለውን እናቀርብለታለን።

ባለቤቴ ከመስኮቱ ሥር ወንበር ሳትነሣ ትበላለች፤ በርጩማው አሁን የጎረቤታችን ብቻ ነው። ሰው ባለበት «እርስዎ» ትለኛለች። ሁለታችን ብቻ ስንሆንና ቃሪያ ሲያልቅባት ግን ታጨበጭባለች። እኔም እነሣለሁ።